ሸክሙን ጭን ይሸከመው

የካራቴ አስተማሪያችን ማስተር ያረፉት ማክሰኞ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ላይ የተሰናበትናቸው ግን ቅዳሜ። አብዛኞቻችን ሺፍት ነበረብን፤ ፈቃድ ያገኘው ጥቂት ነው። አስከሬናቸውን ይዘን ባሕር ዳር ስንደርስ የሰፈሩ እድር ድንኳኑን ተክሎ፣ አግዳሚውን ደርድሮ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ጠበቀን። ባጃጅ የሚነዳው ባጃጁን አቁሞ፣ ባንክ የሚሠራው አስፈቅዶ፣ እስከ ሣልስቱ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ። አሜሪካ ስኖር ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ ይሄ ነው። እዚያ ያለው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የወሩን የቤት ኪራይ ሊያጣ ይችላል።

ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ስለ ካራቴ ነበር። ማስተር በ1980ዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሾቶካን የሚባለውን የካራቴ ስልት ያስተማሩን እኛ ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነናል። ገና ጎህ ሲቀድ፣ የጣና ንፋስ እየቆረጠን፣ ኪባ ዳቺ ያስቆሙን ነበር፦ እግር ሰፋ፣ ጉልበት እጥፍ፣ ጀርባ ቀጥ፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። በጃፓንኛ ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን እያልን እንቆጥራለን። ጭናችን መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወገባችንን እናጎብጣለን። ያኔ መዳፋቸውን ጀርባችን ላይ ያሳርፉና "ወገብህን ተው፤ ሸክሙን ጭን ይሸከመው" ይላሉ።

አንድ ሽማግሌ "ለመሆኑ አሜሪካ ሥራቸው ምን ነበር?" ብለው ጠየቁ። "ሆስፒታል" አለ አንዱ። "ሐኪም ሆነው ነበር እኮ" አለ ሌላው። ያረመ የለም። ለዓመታት አብሬያቸው የሠራሁት እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ማስተር ሐኪም አልነበሩም። ነርሲንግ ሆም በምንለው የአረጋውያን መጦሪያ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነበሩ። የሰው ገላ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ያለብሳሉ፣ ዳይፐር ይቀይራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ነው። ካገራችን የሄደው መምህርም፣ የሒሳብ ሠራተኛም በዚሁ በር ይገባል፤ ወደ አገር ቤት ሲደውል ግን የሥራውን ስም አይጠራም። "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ተብሎ በሚመረቅበት አገር ያደገ ሰው ሲጦር ለምን ያፍራል? ይህ ጨርሶ አይገባኝም።

የመጀመሪያ ሌሊቴን ያለማመዱኝ እሳቸው ናቸው። ግማሽ አካላቸውን ስትሮክ የያዛቸው አንዲት እናት ነበሩ። ማስተር በሩን አንኳኩተው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ስማቸውን ጠርተው ሰላምታ ሰጡ፣ ምን ልናደርግ እንደሆነም ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ይዞ ቶኪዮ ላይ ያሳየው ፉናኮሺ የመጀመሪያ ትእዛዙ ካራቴ በእጅ መንሳት ተጀምሮ በእጅ መንሳት ያልቃል የሚል ነው። ልጆች ሳለን በቃላችን ሸምድደነዋል። ትርጉሙ የገባኝ በዚያ ክፍል ነው። ከዚያ ሴትየዋን ላነሳ ወገቤን ሳጎነብስ ያ መዳፍ ጀርባዬ ላይ አረፈ። የሚሉትን አውቄዋለሁ።

አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር "ፈረንጅ እኮ ወላጁን ይጥላል" ሲባል እሰማለሁ። ጠያቂ የማይመጣለት ሰው አለ፤ ግን በየማታው ከሥራ እየመጣች የእናቷን ፀጉር የምታበጥር ልጅም አውቃለሁ። እኛስ? ማስተር የሰው እናት ሲጦሩ የራሳቸው እናት እማሆይ ባሕር ዳር አልጋ ላይ ነበሩ። በፈረንጅ ክረምት ሜሪላንድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲል እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ማስተር ሺፍት ሊገቡ ሲሉ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይደውሉ ነበር። "የሰው እናቶች ጋ ልገባ ነው፤ መርቂኝ" ሲሉ ሰምቻለሁ። እማሆይ ብቻ ናቸው ሥራውን በስሙ የሚያውቁት።

ከሦስት ዓመት በፊት መጥተው ሲያዩ የእማሆይ ወገብ ግርጌ ቆስሏል። ቤቱ ሰው አላጣም፤ ጠያቂ ይገባል ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ጠበል ይመጣል። በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጣቸው ግን አልነበረም፤ "ይረፉ፣ አትነካኳቸው" ይባላል። ሆስፒታል ስንተኛም ብዙውን ጊዜ የሚያጎርሰን፣ የሚያጥበን፣ ደግፎ የሚያነሳን አስታማሚ ነው። ስስቱ አለው፣ እንቅልፉን ያጣል፤ እንዴት እንደሚያነሳ ግን ያሳየው የለም። ፍቅር ብቻውን ቁስል አይከለክልም፤ ይህን ማለት ቢከብደኝም እውነት ነው።

ማስተር አልተቆጡም። የወር ፈቃዳቸውን እዚያች ክፍል ውስጥ ጨረሱት፤ ጣናን እንኳ በወጉ አላዩም። እማሆይን የምታስታምማቸውን ልጅና ሁለት ጎረቤቶችን ልክ እንደ ካታ፣ በቅደም ተከተል እንደሚሸመደድ የካራቴ እንቅስቃሴ፣ አስጠኗቸው። ተረከዝ ፍራሽ እንዳይነካ ትራሱ ከባት ሥር ይገባል። የቁስል መጀመሪያ ቅላት ነው ቢባልም ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በቀላሉ አይታይምና ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳብሶ መለየት ነው። ሲያነሱ ደግሞ ወገብ አይታጠፍም። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ፤ ግን ዳነ።

በሣልስቱ ማታ እማሆይ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ልጃቸውን ሲያለቅሱ ውለው ደክሟቸዋል። አስታማሚዋ ልጅ ሰዓት አየችና ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች፣ እግሯን ሰፋ አደረገች፣ ጉልበቷን አጠፈች፤ ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ ነው።

"እማሆይ፣ ወደ መስኮቱ ላዞርዎት ነው" አለቻቸው ቀስ ብላ።

"እሺ ልጄ።"

"ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን።"