የክሮሊ ሐይቅ ጾም አይሻር

በየዓመቱ የአፕሪል ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሥር ወደሚገኘው ክሮሊ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ በመኪና መብራት ይሞላል። ቀኑ ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት የሚከፈትበት ነው። የአካባቢው ሰዎች «ፊሽማስ» ይሉታል፤ ዓሣንና ገናን የሚያመለክቱትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጋብተው ያወጡለት ስም ነው። እኔ ግን ይህን ቀን ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ገና ሳይሆን ፋሲካ ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ከአምስት ወር በላይ ማንም ሰው፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ እዚያው የተወለደም ይሁን ከሩቅ የመጣ፣ ወደዚያ ውኃ መንጠቆ አይጥልም። ያ ቅዳሜ የሚፈታው ይህንን ጾም ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ጾሙ ይቅር የሚሉ ሰዎች መበርከታቸው ነው። የካሊፎርኒያ የዓሣ ማጥመድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሻሻል አብዛኞቹ የክፍለ ግዛቱ ሐይቆች ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሚሆኑበት አጠቃላይ ሥርዓት ተዘርግቷል። ክሮሊ የሚገኝበት ሞኖ ካውንቲ ግን የመዝጊያና የመክፈቻ ቀኑን እንደያዘ ቀጥሏል። «ሌላው ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ይህ ብቻ ለምን ይዘጋል?» የሚለውን ጥያቄ ከአጥማጆችም፣ በመንገዱ ዳር ከሚነግዱ ሰዎችም በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ጾሙ አይሻር የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የመክፈቻው ቀን የዋለው ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም በሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ከሎስ አንጀለስ ሌሊቱን ስንነዳ አድረን ከልጄ ጋር ከሐይቁ ዳር ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የማጥመጃው ክር የሚሾልክባቸው ቀለበቶች በበረዶ ስለተደፈኑ፣ ልጄ በየጥቂት ደቂቃው ዘንጉን ወደ አፉ አስጠግቶ በትንፋሹ ያሟሟቸው ነበር። ፀሐይ ወጥታ የተራራው በረዶ ሮዝ ሲመስል ክሩ ተወጠረ። ዓሣው ሲወጣ ጎኑ ላይ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ የተጋደመ ሐምራዊ መስመር፣ በጀርባውና በጅራቱ ላይ ደግሞ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተኑ ነጠብጣቦች ነበሩት፤ ቀስተ ደመና ትራውት የተባለውም በዚህ ቀለሙ ነው። ልጄ በደረቅ እጁ ሊይዘው ሲል አጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት ፈጠን ብለው «መጀመሪያ እጅህን አርጥብ» አሉት። የዓሣው ቆዳ ከበሽታ በሚጠብቀው ዝልግልግ ነገር ተሸፍኗል፤ ደረቅ እጅ ያንን ይገፈዋል፤ ተመልሶ ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። እኒህ ሰው ስማችንን እንኳ አልጠየቁንም። ከዚያ በኋላ ግን ልጄ ዓሣ ሊነካ ሲል እጁን ሳያረጥብ ቀርቶ አያውቅም።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በእኛ ቤት በሁዳዴ ዓሣም ወደ ድስት አይገባም። የያዝናቸውን ሁለቱን ዓሦች አጥበን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዶሮው ጎን አስቀመጥናቸውና ለፋሲካ በሽንኩርትና በቃሪያ ለብለብ ተደርገው ቀረቡ። ልጄ ያን ሳምንት ማቀዝቀዣውን በከፈተ ቁጥር ዓሦቹን ያይ ነበር። መጠበቅ ለምግቡ የሚጨምርለትን ነገር እኔ በቃል ላስረዳው ሞክሬ አልተሳካልኝም ነበር።

የክሮሊን ነገር ለመረዳት የውኃውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ1913 በተመረቀው ረጅም ቦይ የኦወንስን ወንዝ ውኃ ወደ ራሷ ስትወስድ፣ በሸለቆው ግርጌ የነበረው ኦወንስ ሐይቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደርቆ የአቧራ ሜዳ ሆነ፤ ገበሬዎችም መሬታቸውን እየሸጡ ወጡ። ክሮሊ የተፈጠረው ከተማዋ ያንኑ ወንዝ ከላይ በኩል ለማጠራቀም በ1941 ባጠናቀቀችው የሎንግ ቫሊ ግድብ ነው። ስሙን ያገኘው ከአባ ጆን ክሮሊ ነው። እኒህ ካቶሊካዊ ካህን ውኃው የተወሰደበት ሕዝብ ከተራራው ውበትና ከሚመጣው እንግዳ ኑሮውን እንዲያገኝ ሲደክሙ ኖረው፣ ግድቡ ከመጠናቀቁ በፊት በ1940 በመኪና አደጋ አረፉ። እንግዲህ ይህ ሐይቅ በአንድ ሕዝብ ላይ ከደረሰ ጉዳት በኋላ የተገኘ ነው። በሎስ አንጀለስ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ከጉዳዩ ውጭ አይደለንም፤ በፌርፋክስ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በ2002 በተሰየመው ሰፈር ጀበና ውስጥ የሚገባው ውኃ ከፊሉ ከእነዚህ ተራሮች የሚወርድ ነው። ከውኃው የምንጠጣ ሰዎች የውኃው ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ ግድ ሊለን ይገባል።

ዓመቱን ሙሉ ይከፈት የሚሉት ሰዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች ጠንካራው፣ ዓሣው በአብዛኛው በማራቢያ ጣቢያ ተፈልፍሎ በመኪና የሚመጣ ስለሆነ የመራቢያ ጊዜውን መጠበቅ ትርጉም የለውም የሚለው ነው። በዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ቀስተ ደመና ትራውት የሚራባው በጸደይ በመሆኑ የአፕሪል መጨረሻ መክፈቻ ለእሱ በልክ የተሰፋ ቀን አይደለም፤ በመጸው የሚራባው ቡናማው ትራውት ነው ከኖቬምበሩ መዘጋት ይበልጥ የሚጠቀመው። የጾሙን ብዙ ክፍልም ሐይቁን በበረዶ የሚሸፍነው ክረምቱ ራሱ ይጾምልናል። ሆኖም ዓሣ ከጣቢያ እስከመጣ ድረስ አያልቅም የሚለው እምነት ምን ያህል ስስ እንደሆነ በ2020 አይተናል። በዚያ ዓመት በደቡብ ካሊፎርኒያና በምሥራቃዊ ሴራ በሚገኙ ሦስት ማራቢያ ጣቢያዎች የባክቴሪያ በሽታ ገብቶ 3.2 ሚሊዮን ያህል ዓሣ እንዲወገድ ተደርጓል። በሐይቁ ውስጥ በራሱ የሚራባ ዓሣ የሌለው አካባቢ እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ የሚተማመንበት ነገር የለውም።

ሌላው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ጥበቃ ወገን የሚመጣ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ የማከብረው እሱን ነው። የሴራ ኔቫዳ ከፍተኛ ሐይቆች በአብዛኛው ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አልነበረባቸውም፤ ፏፏቴዎቹ አያሳልፉትም ነበር። ሰዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን አንስተው ትራውትን በበቅሎ ጭነው፣ በኋላም በአውሮፕላን እያበረሩ ጨመሩባቸው። የዚህን ዋጋ የከፈለው ቢጫ እግር ያለው የተራራ እንቁራሪት ነው። የእንቁራሪቱ ጫጩት አድጎ እግር እስኪያወጣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ክረምት በላይ ውኃ ውስጥ ስለሚቆይ፣ እስከ ታች ድረስ በረዶ የማይሆን ጥልቅ ሐይቅ ያስፈልገዋል፤ ዓሣው የተጨመረውም እዚያው ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ የፈንገስ በሽታ ተጨምሮበት በ2014 የሴራ ኔቫዳው ዝርያ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት መዝገብ ገባ። በሴኮያና ኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርኮች ከ2001 ጀምሮ ከተመረጡ ሐይቆች ዓሣው በመረብ እየወጣ ነው፤ ዓሣው በወጣባቸው ሐይቆችም እንቁራሪቶቹ ቁጥራቸው ጨምሯል። ይህን ሥራ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ክሮሊ ግን ከግድብ የተወለደ ሐይቅ ነው፤ አጥማጁን በመኪና ወደሚደረስበት ወደዚህ ሐይቅ ሰብስቦ ከላይ ያሉትን ለእንቁራሪቱ መተው የሚቻለው፣ እዚህ ያለው ዓሣ በሥርዓት ሲጠበቅ ብቻ ነው።

የነጋዴዎቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ክፍት ወር ሲበዛ እንግዳ ይበዛል የሚለው ስሌት አያሳምነኝም፤ ሁልጊዜ ክፍት ለሆነ በር ማንም ሌሊቱን አይነዳም። በ2020 የፀደዩ መክፈቻ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም ሞቴሎቹ፣ የመንጠቆና የማጥመጃ ዕቃ መሸጫዎቹ፣ የቁርስ ቤቶቹ ያ አንድ ቅዳሜ ምን ያህል እንደሚያኖራቸው በግልጽ ታይቷል።

ከሁሉ በላይ ግን የጋራ ቀን የጋራ ጠባቂ ያፈራል። የዚያን ስፋት ሐይቅ ጥቂት የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች ብቻቸውን ሊቆጣጠሩት አይችሉም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስላቆመና በአንድ ጊዜ ስለጀመረ፣ በተዘጋው ወቅት ዘንግ ይዞ የታየ ሰው ጥሰቱ ከሩቅ ይታወቅበታል፤ ማንም ሕጉን ባያነብ እንኳ ቀኑን ያውቃል። በቀን አምስት ዓሣ ብቻ የሚለው ገደብም የሚከበረው ከዚሁ ቀን ጋር አብሮ ስለሚታወስ ነው። ስለዚህ የክፍለ ግዛቱ የዓሣና የአደን ኮሚሽን በሚቀጥለው የደንብ ማሻሻያ የሞኖ ካውንቲን ሐይቆች ከአጠቃላዩ ሥርዓት ጋር ለማመሳሰል ሲፈተን እንዳያደርገው እጠይቃለሁ። ይልቁንም ቀስተ ደመናው ትራውት የሚወጣባቸው ወደ ክሮሊ የሚፈሱ ጅረቶች ከሐይቁ ዘግይተው እንዲከፈቱ የሚደረገው ጥንቃቄ እንዲጠናከር፣ በየበሩ የሚለጠፉት ደንቦችም ሥዕል ታክሎባቸው ማንም በሚረዳው መንገድ እንዲቀርቡ ያስፈልጋል።

ልጄን ያስተማሩት አዛውንት በዚያ ጠዋት ከሁላችንም በላይ ቀንቷቸው ነበር። ረፋድ ላይ አምስተኛውን ዓሣ ሲያወጡ ዓሣው ገና መንጠቆ ይይዝ ነበር፤ ከግራና ከቀኝ ያለው ሰው ሁሉ እየያዘ ነው። እሳቸው መንጠቆውን ከክሩ ፈትተው በትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት፣ ዘንጉን አጠፉ፣ ወንበራቸውን ወደ ውኃው አዙረው ከቴርሞሱ ቡና ቀዱና ሌላው ሲያጠምድ እያዩ እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ።