ይድረስ ለክቡር የመንገድ ጨው

ጉዳዩ፦ ሱሪዬን፣ ጫማዬንና ሽምግልናዬን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጉልበቴ በታች ካለው በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ ክረምቱ ገና ስላላለቀ እርስዎም በየመንገዱ ተበትነው በረዶ በማቅለጥ ሥራዎ ላይ እንዳሉ አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። የጓደኛዬ ልጅ ሊያገባ ነውና ሦስት ሆነን ለሽምግልና ተላክን። ሽማግሌ ሲሆን የሚለበሰው ሱፍ ይታወቃል፣ ጥቁር ነው። በየካቲት ጥቁር ሱፍ ለብሶ ወደ እርስዎ ግዛት መግባት ምን እንደሆነ ደግሞ እዚህ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሁሉ ያውቃል።

የዕለቱ ብርድ ለዘብ ያለ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ በረዶውም ላላ ብሏል። ጠራጊው መኪና የሰፈሩን በረዶ ሁሉ እየገፋ አምጥቶ እንደ ልማዱ ዳር ላይ ከምሮታል። ወገብ ይደርሳል። ጓደኞቼ ዞረው ሊሄዱ መንገድ ፈለጉ። እኔ ግን ተናጋሪው ነኝና ልቅደም አልኩ። ክምሩ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ነው። ከሥሩ ግን እርስዎ ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቀልጡት ያደሩት ግራጫ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

ቤቱ ደግሞ ጫማ የሚወለቅበት ቤት ነው። አወለቅሁ። በረገጥኩ ቁጥር ካልሲዬ ይጮሃል። እናትየው «ኧረ ግቡ፣ ግቡ፣ ምንም አይደለም» ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን ምንጣፉ ላይ ነው። ምንጣፉ ነጭ ነው። (ሚኒሶታ ውስጥ ነጭ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው እምነቱ ጠንካራ መሆን አለበት።)

«ተቀመጡ» ሲሉን «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። ወጉ ነው። ወጉን ያወጡት አባቶች እርስዎን አያውቁዎትም እንጂ ቢያውቁዎት ያሻሽሉት ነበር። ቆሜ የልጁን ቤተሰብ፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን ስዘረዝር ውሃው ወደ ምንጣፉ ይወርዳል። የቤቱ ሙቀት ደግሞ ሱሪዬን እያደረቀው ነው። ሲደርቅ ነጭ መስመር ያወጣል። አንድ መስመር ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ አንድ ባቴ ላይ፣ አንድ ጉልበቴ ላይ። «ልጁ ጨዋ ነው» ስል አባትየው ሱሪዬን አዩ።

በመጨረሻ ተቀመጡ ተባልን። ሁለቱ ሶፋው ላይ ዘና ብለው ተቀመጡ። እኔ ዝቅ ልል ስል የልጅቷ ታናሽ ወንድም ከኩሽና እየሮጠ መጣና ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አነጠፈልኝ። ሽማግሌ ነኝ! ሰው አክብሮ የላከኝ! በተነቃነቅሁ ቁጥር ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። ስለ ትዳር ክብር ስናገር ይንኮሻኮሻል። ሻይ ልቀበል እጄን ስዘረጋ ይንኮሻኮሻል። በኋላማ መተንፈስም ፈራሁ።

አባትየው «ተመካክረን እንነግራችኋለን» አሉ። በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፣ ይህም ወግ ነው። ግን ስንወጣ እናትየው ለእኔ ብቻ «አይዞዎት» አሉኝ። ለምን ለእኔ ብቻ? ያው ልጅ ደግሞ እንዳንወድቅ ብሎ ቀድሞን ወጣና ደረጃው ላይ እርስዎን በአካፋ በተነልን።

መኪናዬን በተመለከተ፦ ከሥሯ በዝገት በልተው ጨርሰዋታል። ይስማማዎት።

ለመሆኑ በእኛ አገር ማን እንደነበሩ ያስታውሳሉ? አሞሌ ነበሩ እኮ! ከአፋር ምድር ተቆርጠው፣ በግመል ተጭነው ደጋ ይወጡ ነበር። ገንዘብ ሆነው ገበያ ይውሉ ነበር። ዛሬም ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰው አለ። እዚህ ደግሞ ከኤሪ ሐይቅ ሥር ሳይቀር በማሽን ተፈልፍለው ወጥተው ጎማ ሥር ይጣላሉ። አበው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ሲሉ ማስፈራራታቸው ነበር። እርስዎ ድንጋይ ሆነው፣ ተጥለውም፣ በየዓመቱ በጀት ይያዝልዎታል።

ሥራዎን በደንብ ቢሠሩ ባልከፋ። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ እርስዎ ብዙም የሚያቀልጡት ነገር የለም። የሚኒሶታ የጥር ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ ልማዱ ነው። ያኔም ይበትኑዎታል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቀበሌ ውስጥ አይተናል፤ ወንበሩ ላይ አለ፣ ሥራው ላይ የለም።

በረዶ ሲበዛ እንዲጠረግ ተብሎ መኪና ማቆም በየተራ ስለሚከለከልበት ስለ ስኖው ኢመርጀንሲ ብዙ አልናገርም፣ አንባቢም ቁስሉ ይነካበታል። በሚኒሶታዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በመጀመሪያው ሌሊት ዋና ዋናው መንገድ፣ በነጋታው የቤት ቁጥሩ ሙሉ (ጥንድ) የሆነው የመንገድ ወገን፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎው። የተሳሳተ መኪናውን ከፍሎ ያስፈታል።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው እንምጣ። ጠራጊው መኪና በረዶውን ወደ ዳር ይገፋል። ዳር ላይ ያለው ሰው ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆቴል ልታጸዳ፣ ነርሲንግ ሆም ልትገባ የወጣች እናት ያንን ክምር መውጣት አለባት፣ አውቶቡሱ በሩን የሚከፍተው ከክምሩ ወዲያ ነውና። የልጅ ጋሪ የምትገፋው፣ በዊልቸር የሚሄደው፣ ከመኪና ጋር እየተጋፉ አስፋልት ላይ ይሄዳሉ። አስፋልቱማ ንጹሕ ነው! መኪና እንዳይንሸራተት ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ሲሰማራ ያድራል። በእግሯ የምትሄደው ሴትዮ ብትሰበርስ? የቤት ባለቤት በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ (ሳይድዎኩን) ካልጠረገ ቅጣት አለበት። ጠርጎ ሲጨርስ ማሽኑ ተመልሶ ይደፋበታል። ማሽኑን ማን ይቅጣው?

አንቱታው እዚህ ጋ አለቀብኝ። አንተ! በረዶው ሲቀልጥ የት ነው የምትሄደው? ውሃ ውስጥ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ገደማ ውሃ ይበክላል፣ አንዴ ከገባህ ደግሞ በቀላሉ የሚያወጣህ የለም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ከሚበተነው 70 በመቶ ገደማው እዚያው ሐይቁና ከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ እንደሚቀር ደርሰውበታል። ስቴቱ ታርጋው ላይ «10,000 ሐይቆች» ብሎ የጻፈ ስቴት ነው። በየዓመቱ ጨው ይጨምርባቸዋል፣ ቀምሶ «በቃ» የሚል የለም። ዓሣው ምን አደረገህ? የልጆቻችን ልጆች የሚጠጡትስ ምንድን ነው?

በገልባጭ ተጭኖ የሚወሰደውም በረዶ ከነዘይቱ፣ ከነቆሻሻው፣ ካንተ ጋር አንድ ባዶ ቦታ ላይ ይደፋል። ቦስተን እ.ኤ.አ. በ2015 የከመረችው የመጨረሻ ክምር ቀልጦ ያለቀው ጁላይ 14 ነው። ሰው ባሕር ዳርቻ ሲዋኝ በረዶው ገና አለ።

እርግጥ አንተ በራስህ እግር አልመጣህም። ኮንትራክተሩ አንድ ሰው ወድቆ እንዳይከሰው ፈርቶ ከረጢቱን ይገለብጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግም ያው ነው፤ ኮሚቴው በጸሎቱ አይተማመንም። የስቴቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ግን 12 አውንስ የሚይዝ አንድ የቡና ኩባያ ጨው 20 ጫማ (6 ሜትር ገደማ) ለሚረዝም የቤት የመኪና መግቢያ (ድራይቭዌይ) ይበቃል ይላል። የእነሱ ኩባያ እንጂ የእኛ ስኒ አይደለም። ቢሆንም ከረጢት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ አካፋው ይሥራ፣ አንተ በኋላ በልክ ና። ብርዱ ሲጠና ቁጭ በል፣ አሸዋ ይተካሃል። ፌርማታው ደግሞ ከአስፋልቱ እኩል ይጠረግ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ እግረኛ

ግልባጭ፦
ለጠራጊው መኪና ሾፌር (ዳር ላይ ሰው አለ)
ለፓርኪንጋችን ኮንትራክተር

አባሪ፦ አንድ ባዶ ኩባያ