ይድረስ ለእትዬ ፀሐይ፣ ከአናታችን በላይ

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

እትዬ ፀሐይ፣ እንዴት ከርመዋል? ስለ ጤናዎ አንጠይቅም፤ ደህና መሆንዎ ከሰው አፍንጫ ጫፍ ላይ ይነበባል። እኛ ስለ ቆዳ ስንመክር የምንውል ሰዎች ነን። ውለታዎን አንክድም። ነገር ግን በበጋው ወራት አዲስ አበባ ላይ የሚሠሩት ሥራ ከልክ ስላለፈ ይህን ለመጻፍ ተገደናል።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ አመጣጥዎ። ጅቡቲ ላይ ሲወጡ ቢያንስ በግልጽ ነው፤ ሰው ላቡ ሲንቆረቆር አይቶ ጥላ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ያን የእንጦጦ ቀዝቃዛ ንፋስ አስቀድመው ይልካሉ። ሰውየው "ደስ የሚል አየር ነው" ብሎ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ያዛል፤ ማታ ግንባሩ ሲለበልበው ሳሙናውን ይጠረጥራል። የሚያሞቀን ሌላ፣ የሚያቃጥለን ሌላ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። እኛ ግን እርስዎን የምንለካው በላብ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጠናል፤ የሚያጣራው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረርዎ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የካቲትና መጋቢት ላይ ቴርሞሜትሩ 24 ዲግሪ ብቻ ሲያሳይ፣ የጨረሩ መለኪያ ዩ ቪ ኢንዴክስ ቀትር ላይ 11ን አልፎ መጨረሻው እርከን ላይ ይገኛል። መጠንቀቅ የሚጀመረው ከ3 ነው። ቁጥሩ ስልካችን ላይ አለ፤ እኛ ግን የአየር ጠባይ የምንከፍተው ዝናብ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ብቻ ነው።

የሥራ ሰዓትዎንም ደርሰንበታል። የአዲስ አበባ ትክክለኛ ቀትር ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ከተማዋ ግን ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብላ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ልክ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ማለት ነው፤ በአጋጣሚ ነው ቢሉን አናምንም። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ደግሞ ቀጥ ብለው አናት ላይ ይቆሙና ጥላችንን ከእግራችን ሥር ይከቱታል። የሚያዝያውን እናውቀዋለን። በነሐሴው ግን ደመና ለብሰው ስለሚመጡ ማንም አይጠረጥርዎትም፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር እንደሚያሳልፍ ስንቱ ያውቃል? ሰዓት ላልያዘ ሰው መላው ቀላል ነው፦ ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ገለል ይበል።

በመስኮት የሚሠሩትንም እናንሳ። የመኪና የጎን መስታወት የሚለበልበውን የጨረር ዓይነት፣ ዩ ቪ ቢን፣ ይይዛል፤ ቆዳን በዝግታ የሚያስረጀውን ዩ ቪ ኤ ግን በብዛት ያሳልፋል። ከሜክሲኮ አየር ጤና በመንገድ መጨናነቅ የሚጓዝ ሰው ስለዚህ አይቃጠልም፣ ምንም አይሰማውም፤ እርስዎ ግን ሥራ ላይ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው ለ28 ዓመታት የዕቃ ማመላለሻ መኪና ነድቷል፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ፊቱ ቆዳ ወፍሮና ተሸብሽቦ ከቀኙ ጋር የአንድ ሰው አይመስልም። የእኛም ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው፤ ያውም ክርኑን በመስኮት አውጥቶ። ለተሳፋሪው ግን ብልሃት አለ፦ ጠዋት ወደ ደቡብ ሄዶ ማታ ወደ ሰሜን የሚመለስ ሰው ሁለቱንም ጊዜ በቀኝ በኩል ቢቀመጥ ያመልጥዎታል። እርግጥ ሚኒባስ ላይ ወንበር መርጦ የሚቀመጥ ሰው ከተገኘ ነው።

"ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም" የሚለውን ወሬ ማን እንዳስወራልዎ አናውቅም፤ ጠቅሞዎታል። ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚሠራው። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ኤስ ፒ ኤፍ (ከሚለበልበው ጨረር የመከላከል አቅም መለኪያ) 13 የሚደርስ ከለላ አለው፤ የቆዳ ካንሰርም ከነጮቹ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን በጉንጭና በላይኛው ከንፈር ላይ የሚወጣውን ማድያት የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንዎም ነው፤ ይህንን ደግሞ ተራ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) አይዝም። የሚይዘው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ይህኛው ዚንክ ኦክሳይድ ብቻ ያለበት ክሬም ጠይም ፊት ላይ ከሚተወው አመዳም መልክም ያድናል። አልቢኒዝም ካለባቸው፣ ማለትም ቆዳቸው የተፈጥሮ ቀለም ከሌለው ወገኖቻችን ጋር ግን ቀልድ የለንም። በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚያዙት በእርስዎ ነው። ለነሱ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ የዘወትር ልብስ ናቸው፤ በአራት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካዩ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው።

አሁን ወደ ሰንስክሪኑ። እሱንም አክሽፈውታል፤ እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የእኛም ነው። ቱቦው ላይ 50 ተብሎ የተጻፈው የኤስ ፒ ኤፍ ቁጥር የተለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ለፊትና ለአንገት ሲሰላ በጠቋሚና በመሃል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሳለ ሁለት መስመር ክሬም ይሆናል፤ ለሙሉ ገላ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር፣ የአረቄ መለኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እኛ የምንቀባው የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ነው፤ እሷንም እስከ አንገት አዳርሰን። ውድ ስለሆነ ነው፣ ይገባናል። ሂሳቡ ግን ምሕረት የለውም፦ ፊትና አንገት በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሊትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጠዋት ተቀብቶ ቀትር ላይ ከተደገመ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ቱቦዋ ዓመት ከቆየች ቀቢው ራሱን ሲያታልል ከርሟል። ገንዘቡ ካልበቃ ክሬሙን ለፊትና ለእጅ ጀርባ አድርጎ ሌላውን በልብስ መሸፈን ይሻላል እንጂ ሁሉን በስሱ ማዳረስ ትርፉ መዘናጋት ነው። 100 የሚል ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መንከራተትም አያስፈልግም፦ 30 የሚለው ከዩ ቪ ቢው 97 በመቶ ይይዛል፣ 50 የሚለው 98። ይልቅ ዩ ቪ ኤንም እንደሚከላከል ይታይ።

አቀባቡ ላይ ቅባት ይቀድማል፣ ሰንስክሪን ይከተላል፣ ሜካፕ ከላይ ይሆናል። ከቫዝሊን ጋር መዳፍ ላይ አደባልቆ መቀባት መከላከያውን ማቅጠን ነው። ከቤት ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ተቀብቶ፣ ውጭ ለዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። የሚረሱት ጆሮ፣ ማጅራትና ሹሩባ ሲሠራ አናት ላይ የሚቀረው ራቁቱን የሆነ መስመር ናቸው። ሹሩባዋን ተሠርታ ጃንሜዳ ጥምቀትን ያለ ነጠላ የምትውል ሴት በሦስተኛው ቀን መስመሯ ሲላጥ ፎረፎር መስሏት ሻምፖ ትቀይራለች። ነጠላም ቢሆን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት የሚያሳልፍ ከሆነ ታጥፎ ይደረብ።

ተባባሪዎችዎንም እናውቃቸዋለን። ዋነኛዎቹ ሎሚና ጤና አዳም ናቸው። ፊቱን ለማጥራት ሎሚ ያሸ፣ ወይም ጤና አዳም ቆርጦ እጁን ሳይታጠብ ወደ ደጅ የወጣ ሰው ቆዳው ላይ ፉሮኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይቀራል፤ የእርስዎ ዩ ቪ ኤ ሲያርፍበት ያቃጥላል። ውሃ የሚቋጥረው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ማንም ከሎሚው ጋር አያገናኘውም፤ ጥቁር ምልክቱ ግን ለወራት ይከርማል። በሳሙና መታጠብ ብቻ ይበቃ ነበር። ለብጉር ዶክሲሳይክሊን የሚወስዱትም ከወትሮው ቶሎ ይቃጠሉልዎታል። ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ተቀላቅሎባቸው "ፊት ያጠራሉ" ተብለው ስለሚሸጡት ብልቃጦች ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቆዳውን አሳስተው ለእርስዎ ያስረክባሉ።

ፍትሕ አናጓድልም፤ ጠዋት ሕፃናትን ሲያሞቁ እናመሰግንዎታለን። ቫይታሚን ዲ ባይሰጧቸው አጥንታቸው በሪኬትስ ይጎብጥ ነበር። ግን ያን ጊዜም ተንኮል አለብዎት፦ ብርድ የፈራች እናት ልጇን በተዘጋ መስኮት በኩል ስታሞቅ፣ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ዩ ቪ ቢ ከመስታወቱ ውጭ ትተው ሌላውን ይዘው ይገባሉ።

ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የዓመት ፈቃድዎን እንዲወስዱ እንጠይቃለን። ካልተቻለ ቢያንስ ንፋሱን አስቀርተው፣ ሰው እንዲያውቅዎ ሞቅ ብለው ይምጡ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእንጦጦ ንፋስ፣ እንዲያውቀው
ለነሐሴ ደመና፣ እንዲወፍር
ለመዋቢያ ሱቅ የመስታወት መደርደሪያ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያሞቃቸውን የሰንስክሪን ቱቦዎች ዛሬውኑ ወደ ጥላ እንዲያዛውር፤ ሲጨመቁ ውሃው ለብቻ ቅባቱ ለብቻ የሚወጡትን እንዲጥል