መርዶ በወጉ ይነገር

ወታደር ሲሞት አገር ለቤተሰቡ ያለባት የመጀመሪያ ዕዳ ገንዘብ አይደለም። መርዶ ነው። መቼና የት እንደሞተ ደጃፍ ድረስ መጥቶ የሚናገር ሰው።

ይህን የምለው አንድ የመንዝ ልጅ እያሰብኩ ነው፤ የአክስቴ ጎረቤት ልጅ። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሲጀመር ገና ተማሪ ነበር። ኅዳር 2014 ውጊያው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ አገሩ ሁሉ ተነቃነቀ፤ እሱም ደብተሩን ጥሎ መከላከያ ገባ። ሲደውል ስለ ጦርነቱ አያወራም። «ገብሱ ተወቃ? አባባ ብቻውን ነው እንዴ የሚሠራው?» ይላል። ደመወዝ ሲወጣ በቴሌብር ይልካል። የታናሽ እህቱ ዩኒፎርም የተገዛው በዚያ ብር ነው።

ነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽ ስልኩ ዝም አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም እናቱ እልል አሉ፤ ልጃቸው የሚመጣ መስሏቸው። የመጣው ግን ጓደኛው ነው፣ በፈቃድ። ለእናት መናገር አልቻለም። ለአጎት ነገረ፤ አጎት ለሽማግሌዎች ነገሩ። ሳይነጋ በርኖስ የለበሱ ሰዎች ግቢውን ሲሞሉት እናትየው ማንም አፍ ሳይከፍት ገባቸው።

አስከሬን የለም። የተለቀሰው በፎቶውና በጋቢው ነው። እዚያ ነበርኩ። የንስሐ አባታቸው ቀስ ብለው፣ «አርባውን ከየትኛው ቀን እንቁጠር?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛው አንገቱን ደፋ። «ከመስቀል በፊት ይመስለኛል» አለ። አርባው ከመርዶው ቀን ተቆጠረ።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። የጡረታ ሕጋችን በሟች ልጃቸው ይረዱ የነበሩ ወላጆችን ከተተኪዎች ይቆጥራል። መልካም ነው። ግን የሞት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ከጦር ክፍሉ መምጣት አለበት። አልመጣም። አባትየው አንድ ቢሮ ሲመላለሱ ቆይተው «ፍርድ ቤት ሄደው የመጥፋት ውሳኔ ያውጡ» ተባሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 2 ዓመት ወሬው ላልተሰማ ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህ ልጅ ግን ከቤት ወጥቶ የት እንደገባ ያልታወቀ ሰው አይደለም። በመዝገብና በመታወቂያ የሄደ ወታደር ነው። «ጠፋ ብዬ ልፈርም? የከዳ አያስመስልብኝም?» አሉኝ አባትየው። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

እዚያው መንደር ሌላ እናት አሉ፣ አሁን በጣም ያረጁ። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የደርግ ጦር የሆነው ናደው ዕዝ ሲደመሰስ ልጃቸው እዚያ ነበር። ማንም ምንም አልነገራቸውም። ዛሬም «በሕይወት ቢኖርስ? በልጄ ላይ ፍትሐት አላስፈታም» ይላሉ። መንግሥት ተለዋወጠ፤ የእሳቸው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ እንዳለ ነው። የኋለኞቹም እናቶች እንዲሁ እንዳያረጁ እፈራለሁ።

የሟቾች ስም ቢወጣ የሠራዊቱ ሞራል ይነካል የሚሉ አሉ። በውጊያ መሐል ከሆነ ይሁን። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ግን ማንን ነው የምንደብቀው? ሞራል የሚነካው ወንድሙ ሳይነገርለት እንደቀረ የሚያውቅ ወታደር ነው። በአማራ ክልል ዛሬም ተኩስ አልቆመም፤ ነገም መርዶ የሚረዳ ቤት አለ።

አይቻልም የሚለውንም አልቀበልም። የአንድ ወታደር ደመወዝ የቆመበትን ቀን የሚያውቅ ተቋም፣ የሞተበትን ቀን ማወቅ አያቅተውም። በየወረዳው አንድ መዝገብ ይከፈት። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ክፍሉ፣ የሞተበት ቀንና ቦታ ይጻፍ። የመከላከያ ሰው ከቀበሌ ሰው ጋር ሆኖ ቤቱ ድረስ ይሂድ፤ በስልክ አይሁን። ለጡረታ የሚሆነው ደብዳቤም በዚያው ቀን ወላጅ እጅ ይግባ።

እስከዚያው የእድርና የሰንበቴ ሰብሳቢዎች ጀምሩት። ደብተር አላችሁ፤ ማን ከየትኛው ቤት እንደወጣም ታውቃላችሁ። ከጦርነቱ የተመለሱት ልጆች ያዩትን ሳይረሱ፣ ወደ ሌላ አገር ሳይበተኑ፣ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋቸውና ጻፉ። የክርስትና ስሙንም አትርሱ፤ ቄሱ የሚጠሩት በሱ ነው።