«የእነሱ ደጋፊ ናት» አልኩት

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ አብራችሁኝ ለምትጮኹት። ከፊቴ፣ ከኋላዬ፣ ከጎኔ ለተቀመጣችሁት። ስማችሁን አላውቅም፤ ድምፃችሁን ግን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ጎል ስናገባ ስንቴ ተቃቅፈናል። ስለዚህ ኳስ የማይወድ ሰው ከውጭ ሆኖ የሚሰድባችሁ እንዳይመስላችሁ። እኔም ያው እናንተን ነኝ። እንዲያውም ከአንዳንዶቻችሁ የባስኩ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ታዩታላችሁ።

ልጄ 8 ዓመቱ ነው። «ስታዲየም ውሰደኝ» ማለት የጀመረው ማሊያው ገና ጉልበቱ ድረስ በሚደርስበት ጊዜ ነው። «ስታድግ» እያልኩ ሳቆየው ነበር። የተጫዋቾቹን ቁጥር በቃሉ ይዟል፣ ከእኔ በተሻለ። የዚያን ቀን ጨዋታው ሊጀመር 3 ሰዓት ሲቀረው ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ገባን። ደረጃውን ወጥተን ሜዳው ድንገት ፊታችን ሲዘረጋ እጄን ጨበጥ አደረገና ዝም አለ። ቴሌቪዥን ላይ ያለው ሣር እንዲህ አረንጓዴ አይደለም። ከፊት ያለው ሰውዬ እንዳይከልለው ጃኬቴን አጥፌ አስቀመጥኩበት። በዚያች ሰዓት ከእኔ የተሻለ አባት አልነበረም፣ በእኔ ቤት።

ስድቡ የጀመረው 5 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። መስመር ዳኛው ባንዲራ አነሳ። ኦፍሳይድ ነበር፤ እኔ እንኳ ከተቀመጥኩበት አይቼዋለሁ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ግን የመስመር ዳኛውን እናት አነሳ። አስጨፋሪው ተቀበለው፣ ዜማ ወጣለት፣ ትንሽ ቆይቶ ትሪቡኑ በሙሉ እያጨበጨበ ይዘፍነው ጀመር። ዜማው ደግሞ ያምራል፣ የሚያናድደው እሱ ነው። ልጄ ቃሉ ሳይገባው ዜማውን ያዘው። ፊቱ በደስታ በርቶ፣ እያጨበጨበ፣ የማያውቃትን ሴትዮ ሲሰድብ አየሁት። ሳቅኩ። አዎ ሳቅኩ። «ይሄን ቤት እንዳትለው፣ እናትህ ትገድለናለች» አልኩት ጆሮው ላይ።

ከእኛ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ አንድ አባት ከልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጅቷ ቢበዛ 6 ዓመት ቢሆናት ነው። አባትየው ምንም ምልክት የሌለው ግራጫ ጃኬት ለብሶ እስከ አገጩ ዘግቶታል። እሷም እንዲሁ። ፀጉሯ ላይ ግን ሪባን አስራለች፣ የተጋጣሚያችንን ቀለም። የጣት ስፋት የላትም። እኔም ልብ ያልኳት ኋላ ነው። ሌላ ቦታ ትኬት አጥተው ይሆናል፣ ወይም በር ተሳስተው ይሆናል፣ ወይም አባትየው «ልጅ ይዤ ማን ምን ይለኛል» ብሎ ይሆናል። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

በ71ኛው ደቂቃ ገባብን። በረኛችን ኳሷን ይዟት ለቀቃት፣ አጥቂያቸው ደርሶ ወደ መረብ ገፋት። የራሳችሁ ቡድን ሲገባበት የሚወርደውን ጸጥታ ታውቁታላችሁ። በዚያ ጸጥታ መሃል አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻ ተሰማች፦ «ገባ! አባዬ ገባ!» ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቆማ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታለች። መንገድ ላይ ሙሉውን «እንዳትጮሂ እሺ?» ስትባል እንደመጣች ከአባቷ ፊት ይነበባል። ግን ረሳችው። የ6 ዓመት ልጅ ጎል ሲገባ ምክር ከየት አባቷ ታስታውስ?

አባትየው ወገቧን ይዞ አስቀመጣት። አልደረሰም።

መጀመሪያ ውሃ መጣ። ክዳኑ የተከፈተ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ተወርውሮ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ተነሳ። እኩያዬ ነው፣ አርባ አልፎታል። የጋብቻ ቀለበት አድርጓል። ቀለበቱን የማስታውሰው የተዘረጋው ያ እጁ ስለሆነ ነው። ደረጃውን ወርዶ ከኋላዋ ደረሰና ሪባኑን ያዘው፣ ሳበው። ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ነበር መሰለኝ አልወጣለትም። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተከተለው። ደግሞ ሳበው። ከጥቂት ፀጉር ጋር ወጣ። ከዚያ ከፍ አድርጎ አውለበለበው፣ ዋንጫ የበላ ይመስል። ትሪቡኑ ጮኸለት። ከበሮ ተመታለት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን ሰዳ ሪባኑ የነበረበትን ቦታ ደባበሰችና አባቷን ቀና ብላ አየችው። እሱስ ምን ያድርግ? እጁን ቢያነሳ ልጁ እያየች ይረጋግጡታል። ዝም ብሎ ጃኬቱን አወለቀና ራሷን ሸፈነበት፣ አቀፋት፣ ተነሳ። ከሥር የለበሰው ተራ ሸሚዝ ነበር። ሲወጣ በእኛ በኩል አለፈ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ላሳልፋት» ይላል፣ እግራችንን እንድንሰበስብለት። እሱ እኛን ይቅርታ ይጠይቃል!

እኔ እግሬን ሰበሰብኩ። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

«አባዬ» አለኝ ልጄ፣ «ምን አጥፍታ ነው?»

«የእነሱ ደጋፊ ናት» አልኩት።

«እ...» አለና ራሱን ነቀነቀ። ገባው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፣ መልሱ በቃው። ወደ ጨዋታው ተመለሰ። በ88ኛው ደቂቃ አቻ ስንሆን ልጄን ብድግ አድርጌ ዘለልኩ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቀፍኩ። ሰውዬው ሪባኑን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ሲዘል በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እጄ ቢደርስ እሱንም አቅፈው ነበር።

አንተ ሰውዬ! ቤትህ ስትገባ ሪባኑን የት ጣልከው? ወይስ ኪስህ ውስጥ ተረስቶ ሚስትህ ልብስ ስታጥብ አገኘችው? ምን አልካት? ጠርሙስ የወረወርከውስ፣ ዓላማህ ትከሻዋ ነበር ወይስ ጭንቅላቷን ስተህ ነው? እናንተስ ከበሮ የመታችሁለት? «ስሜት ነው» እንዳትሉኝ። አለቃው ፊት ለፊት ሲያዋርደው ስሜቱን ውጦ «እሺ ጌታዬ» የሚል ሰው፣ የ6 ዓመት ልጅ ላይ ሲደርስ ነው ስሜት የሚያሸንፈው? «እነሱም ሜዳቸው ስንሄድ ያደርጉናል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ያደርጋሉ፣ እውነት ነው። ያደረገችው ግን ያቺ ልጅ አይደለችም።

«ለአንድ ሪባን ይህን ያህል?» የሚለኝም አይጠፋም። እሺ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1985 ብራስልስ ውስጥ፣ ሄይሰል ስታዲየም፣ ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ለፍጻሜ ሊጋጠሙ ደጋፊው ቀድሞ ገብቷል። ነገሩ የተጀመረው በመወራወር ነው። ከዚያ አንዱ ወገን ሌላው ላይ ተንደረደረ፣ የሸሸው ግድግዳ ጥግ ተጨናነቀ፣ ግድግዳው ተደረመሰ። 39 ሰው ሞተ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር። ከሟቾቹ አንዱ ከአባቱ ጋር የመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱም አብሮት ሞተ። ያ አባትም ያን ቀን ቤቱ ሲወጣ እንደ እኔ በዓለም አንደኛ አባት ነኝ ብሎ ነበር ይሆናል።

ሜዳው ላይ ቢሆን ዳኛ አለ። ዘረኛ ስድብ ከተሰማ ጨዋታውን ያስቆማል፤ አሁንም ካልተዉ ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል ያስገባል፤ ከዚያም ካልተዉ ጭራሽ ያቋርጠዋል። ደንብ ነው፣ ተጽፏል። ትሪቡን ላይ ፊሽካ የያዘ የለም። ያለነው እኛ ነን። ከእኔ እስከ ልጅቷ ሁለት ረድፍ ነው፣ አራት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ፈርቼ ነው» ብላችሁ ቢያልፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ፍርሃት ሰው ይረዳዋል። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። አልፈራሁም። ጎል ገብቶብን በግኜ ነበር፣ የልጅቷ ጩኸትም ደም ሥሬ ድረስ ተሰምቶኛል። ሪባኑ ሲመዘዝ ውስጤ የሆነ ነገር «እሰይ» ብሏል። ለአንድ ሴኮንድ ነው። ግን ብሏል። ሰውዬውን ያን ያህል የምሰድበው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ እጁን ዘረጋ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የዘረጋሁት።

በሳምንቱ ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት የልቅሶ ድምፅ ሰማሁና በመስኮት ብቅ አልኩ። አንድ ትንሽዬ ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ይዞ ያለቅሳል። ልጄ አጠገቡ ቆሞ ኳሷን በእግሩ ያንከባልላል። «ለምን አታነሳውም?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «የእነሱ ቡድን እኮ ነው» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም። ሰዓት ስንት ነው ብትሉት እንደሚመልስላችሁ ነው የመለሰልኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ያንን ቃል አሁን በምን ልመልሰው? ማታ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ «የዚያን ቀን የነገርኩህ ልክ አይደለም፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለኝ። መብራቱን አጠፋሁ። ይሄው ነው የመለስኩለት።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኢስታንቡል ላይ ፌነርባቼ በደጋፊዎቹ ረብሻ በዝግ ስታዲየም ሊጫወት ተቀጥቶ ነበር። የቱርክ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ግን ስታዲየሙ ባዶ ከሚሆን ብሎ ለሴቶችና ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ብቻ ከፈተው፣ በነጻ። ከ41 ሺህ በላይ ሆነው መጡ። እንግዳው ቡድን ማኒሳስፖር ወደ ሜዳ ሲገባ በፉጨት ፋንታ በጭብጨባ ተቀበሉት። እነሱም ጮኸዋል፣ ዘፍነዋል፣ የራሳቸውን ቡድን ደግፈዋል። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው ያፈርኩት። ልጆች ተረጋግተው ኳስ እንዲያዩ እኛ በር ላይ መቅረት ነበረብን ማለት ነው።

መቅረት አልፈልግም። እናንተም እንድትቀሩ አልፈልግም። ብዙም አልለምናችሁም፣ መላእክት ሁኑ ያላችሁ የለም። ጩኹ። ዳኛውን ከፈለጋችሁ «ዕውር» በሉት፣ እኔም እላለሁ። እናቱን ግን ተዉለት። ውሃውን ጠጡት። የሌላውን ቀለም ያደረገ ልጅ ድንገት መሃላችን ቢገኝ አንዳችን ጠጋ ብለን እንቀመጥለት። አስጨፋሪዎች ደግሞ፣ እናንተ 10 ሺህ ሰው በአንድ እጅ ምልክት ታስነሳላችሁ፣ በዚያችው እጅ አንድ ቀን አስቀምጡን እስኪ። ሰሚ እንደሌለኝ ገምቻለሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ 5 ደቂቃ ሳይሞላ የአንዱ እናት ትነሳለች፣ ዜማውም ያምራል።

ልጄ እንደገና ውሰደኝ ብሎኛል። እምቢ ልለው ነበር፣ አላልኩትም። «ያቺ ልጅ ትመጣለች?» ሲል ጠየቀኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። «እንጃ» አልኩት። የምትመጣ አይመስለኝም። ትኬቱን ስቆርጥ ግን ሁለት ረድፍ ዝቅ አድርጌ ያዝኩ።