መምህሩን ፈልገሽ አምጪ!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። አሁን ከሬጅስትራር መውጣቴ ነው። የተመራቂ ዝርዝሩ ላይ ስሜ የለም! ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፤ የለም።

ያ የኮስት አካውንቲንግ ሁለት መምህር ነው ጉዱ። ሚድ ፈተነን፣ አሳይንመንት ተቀበለን፣ ፋይናል ፈተነን፣ ከዚያ ለቀቀ። የግማሾቻችን ግሬድ ገባ፣ የግማሾቻችን ኤንጂ፣ ማለትም "ግሬድ አልገባም"፣ ሆኖ ቀረ። ያኔውኑ ዲፓርትመንት ሄደን አመለከትን እኮ! "ይስተካከላል፤ እናንተ ትምህርታችሁን ተማሩ" ተባልን። ተማርን። እነሱ አላስተካከሉም።

ዛሬ መስኮቱ ጋ የተባባልነውን ቃል በቃል ልንገራችሁ።

"ኤንጂ አለብሽ።"

"ጋሼ፣ ሚዱንም ፋይናሉንም ተፈትኛለሁ።"

"ታዲያ ግሬዱ የታለ?"

"እናንተ ጋ ነዋ መኖር ያለበት!"

"እኛ የመጣልንን ነው የምናስገባው። መምህሩን ፈልገሽ አምጪ።"

"ለቋል፤ የት እንዳለ እኔ በምን አውቃለሁ?"

"እኔስ የት አባቴ ሄጄ ላምጣልሽ? ካልሆነ ኮርሱ ሲሰጥ ጠብቀሽ ትደግሚዋለሽ። የሚቀጥለው!"

የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ እያልኩ ስለምነው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "መውጫ ማለፍና መመረቅ ለየቅል ነው" አለና ሻዩን ፉት አለ። ከኋላዬ የተሰለፉት ወንዶች ሳቁ። ነገ የናንተም ተራ ነው፤ ሳቁ!

ቆይ ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ለመውጫ ፈተና ስሜን የላከው ማን ነው? ራሱ ዲፓርትመንቱ አይደለም? ኮርሶቿን ጨርሳለች ብሎ አይደል የላከኝ? ያኔ ኤንጂው አልታየም፤ ተፈትኜ ካለፍኩ በኋላ ታየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይባስ ብሎ መውጫው ላይ የኮስት ጥያቄም ነበረበት፤ ሠርቻለሁ። ትምህርት ሚኒስቴር ታውቂዋለሽ ብሎ ያሳለፈኝን፣ ግቢዬ ተምረሽው አታውቂም ይለኛል።

ስለ መውጫው ራሱ ብናወራ አናባራም። በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ከ50 በታች ያመጣ ዲግሪውን አያይም፤ የአራት ዓመት ድካም በአንድ ፈተና ይመዘናል። የዶርሜ ልጅ፣ ከክላሳችን ጎበዟ፣ 49 አምጥታ ተቀመጠች። አንድ ነጥብ! እያለቀሰች ሻንጣዋን ስታስር እኔ ነኝ ያባበልኳት። ፈተናው ይቅር አላልኩም፤ ጥራት ያለው ምሩቅ ይውጣ መባሉም ትክክል ነው። ግን ጥራቱ ለምን የሚፈለገው ከተማሪ ብቻ ነው? ግሬድ ሳያስገባ የሄደውን መምህር ማን ፈተነው? ሳይረከብ መልቀቂያ የፈረመለትን የዲፓርትመንት ኃላፊስ?

መምህሩ ሲለቅ ክሊራንስ አላዞረም? እኛን እኮ ላይብረሪ፣ ፕሮክተር፣ ካፌ፣ አንድ ቀን ኳስ ያልተዋስኩበት ስፖርት ክፍል ሳይቀር ያስፈርሙናል። አንዲት የዶርም ቁልፍ ብትጠፋ ሳንከፍል አንወጣም። የስንት ልጅ ግሬድ ይዞ የሚሄድን ሰው ግን "ፈተናዎቹን አስረክብ" የሚል አንድ ፊርማ ጠፋ?

ወጪ መጋራት የፈረምኩበት ቅጽ ደግሞ አልጠፋባቸውም! ምግቡ፣ ዶርሙ፣ ከትምህርቱ ዋጋ 15 በመቶው፣ ሁሉም በየዓመቱ ተቆጥሮ ተጽፏል። ያ ያላስገቡልኝ ኮርስም ዋጋው እዚያ ውስጥ አለ። ሥራ ስይዝ ከደሞዜ በየወሩ 10 በመቶ እየተቆረጠ የምከፍለው ዕዳ ነው፤ ሳልከፍል ዋናው ዲግሪ አይሰጠኝም። የኔን ዕዳ እንዲህ አድርገው የሚጠብቁ ሰዎች የኔን ውጤት መጠበቅ ለምን አቃታቸው?

ልድገመውም ብል ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ዓመት ሙሉ የት ሆኜ ልጠብቅ? ዶርም የለኝም፣ ካፌ የለኝም። አንዳንዱ ደግሞ "ቶሎ ካላስተካከልሽው ወደ ኤፍ ይቀየራል" ይለኛል። ኤፍ! ተፈትኜ፣ አሳይንመንት አስገብቼ፣ ኤፍ!

እናቴ ደወለች። የሰፈር ሰው አሰባስባ መኪና ተከራይተዋል፤ አባቴም ለምርቃቴ ያሳደገውን በግ አልሸጥም ብሏል። "ስንት ሰዓት ነው ጋውን የምትለብሱት?" አለችኝ። ምን ልበላት? "እደውልልሻለሁ እማዬ" ብዬ ዘጋሁት። ኤንጂ ምን እንደሆነ ለእናቴ እንዴት ነው የማስረዳው? ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ ታምነኛለች፤ ጎረቤቱ ግን "ወድቃ ነው" ነው የሚለው። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ደክሞኛል። እውነት ደክሞኛል። ግን ቁጭ ብዬ አላለቅስም። የፈተና ወረቀቶቹ ዲፓርትመንት ስቶር ውስጥ እንዳሉ አንድ ሰው ነግሮኛል። ካሉ ሌላ መምህር ያርማቸው፤ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ሳይመረቅ የሚቀር ልጅ ካለ በነሱ ስህተት መሆኑን በጽሑፍ ይስጡን። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዲኑ በር ላይ ነኝ። በዚያ ኮርስ ኤንጂ ያለባችሁ የባቻችን ልጆች፣ አይዲያችሁንና የግሬድ ሪፖርታችሁን ይዛችሁ ኑ። ለብቻዬ ስገባ እንደ ዛሬው "የሚቀጥለው!" ነው የሚሉኝ።