ጥሎ ማለፉን አታናንቁት

«የእግር ኳሱ ጥሎ ማለፍ፣ የኢትዮጵያ ዋንጫ፣ ለክለቦች ድካም እንጂ ጥቅም የለውም፣ ይቅር» ያልከው ወንድሜ፣ ጭራሽ አልተዋጠልኝም። እስቲ ጎንደር ና እና 2011ን ጠይቅ! ሊጉ መጨረሻው ላይ ከእኛ ከፋሲል ከነማ (ከአፄዎቹ) እጅ አፈትልኮ መቀሌ 70 እንደርታ ሲወስደው ፒያሳ ላይ ሰው ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ነው የተበተነው። ያንን ንዴት ያበረደልን ይኸው አንተ የናቅኸው ዋንጫ ነው፤ አፄዎቹ አነሱት። ትርፉም ፎቶ ብቻ አልነበረም። በእሱ ነው የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ኮንፌዴሬሽን ካፕ የገባነው፤ የታንዛኒያውን አዛም ባህር ዳር ላይ 1 ለ 0 ረታን፣ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፈን ወጣን እንጂ። (ያቺ አንድ ጎል ብትጨመርልን ኖሮ... ተዋት።) በሊግ ሦስተኛና አራተኛ ለሚጨርስ ክለብ ወደ አፍሪካ የሚያስገባ ሌላ በር የት አለ?

የሚያናድደኝ አያያዙ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመታት ተቋርጦ ቆየ፤ ሲመለስ 2016 ላይ ኢትዮጵያ ቡና ወሰደው። አሁንም ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ አይነገርም። በሥራ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጫውቶ «ተመልካች የለም» ማለት ምን የሚሉት ነው?